የክብር መዝገብ

(በራዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ነገር ስለ አንድ ታላቅ ሹም ወይም ስለ ታወቀ ጀግና አይደለም። ስማቸው በጋዜጣ ታትሞ፥ ድምፃቸውም በራዲዮ ተሰምቶ ስለማያውቅ ስለ አንዲት ባልቴት ነው፤ ይኸውም ስለ አያቴ ነው። በሕዝብ ፊት ስለ ራስ ዘመድ መናገር ከጨዋነት የራቀ መስሎ እንዳይታያችሁ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ነገር ግን ጉዳዩ ከቤተ ሰቤ አልፎ፥ እንደ እኔ ዕድሜውን በመዝገብና በወረቀት መካከል የሚፈጽመውን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የሚመለከት ስለ መሰለኝ ልናገረው ደፈርሁ።

እኔ በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት በመዝገብ ክፍል ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገልሁ ሰው ነኝ። አንድ ባለጉዳይ የመዝገቡ ቁጥር ቢጠፋበት እንኳ፥ ስሙንና ማመልከቻውን ያስገባበትን ወር ከነገረኝ፥ መዝገቡ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ብዙ ሳልደክም አገኘዋለሁ። ባልደረቦቼም ስለዚህ ነገር ሲያመሰግኑኝ በልቤ ጥቂት እኮራ ነበር። ይህ ኩራቴ ግን በ2012 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ፥ በአንድ ጥያቄ ፈረሰ።

አያቴ በዚያ ወር ኡካ ላይ ዐረፉ። ኡካ በኢሉባቦር፥ በመቱ አካባቢ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ዝናቡ በዓመት ውስጥ ለጥቂት ወራት ብቻ የሚያርፍበት፥ ቡናው በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር በራሱ ጊዜ የሚበቅልበት፥ የንብ ቀፎ በየዛፉ ላይ የሚሰቀልበት አገር ነው። በእኛ ዘንድ አያትን «አኮ» ብለን እንጠራለን። የኡካም ሰው፥ ዘመድ የሆነውም ያልሆነውም፥ አያቴን አኮ ብሎ ይጠራቸው ስለ ነበር፥ እኔም በዚህ ንግግር እንደዚያው እጠራቸዋለሁ።

ቀብሩ ተፈጽሞ ሣልስቱ ከዋለ በኋላ ሞታቸውን ላስመዘግብ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄድሁ፤ ሕጉ ሞት በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛልና። መዝጋቢዋ ትሕትና ያላት ወጣት ነበረች። የአኮን ስም ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። የአባታቸውን ስም ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ቀጥላም፥ «የተወለዱበት ቀንና ዓመተ ምሕረት?» አለችኝ። በዚህ ጊዜ ዝም አልሁ።

«በግምትም ቢሆን ይበቃል፤» አለችኝ፥ ልታግዘኝ ፈልጋ።

«በጣም ትልቅ ሰው ነበሩ፤» አልኋት።

እርሷም ፈገግታዋን እንደ መዋጥ ብላ፥ «ጋሼ፥ ‹ትልቅ ሰው› የሚባል ዓመተ ምሕረት ቅጹ ላይ የለም። ዛሬ ሽማግሌዎቹን ይጠይቁና ነገ ይምጡ፤» ብላ መለሰችኝ።

አድማጮቼ ሆይ፥ በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ኀፍረት በቃል ልገልጸው አልችልም። የማላውቃቸውን ሰዎች የልደት፥ የቅጥርና የጡረታ ዘመን ከሠላሳ ዓመት በላይ ስጠብቅ፥ እኔን በእጃቸው ተቀብለው፥ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝን ሴት ዕድሜ አላውቅም። ከዚህም የከፋው፥ ለማወቅ ዕድል አጥቼ አለመሆኑ ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ለጥየቃ ሄጄ ሳለሁ፥ አንድ ማታ ምድጃው ዳር ተቀምጠን፥ «ወረቀት ይዘህ እንደ ሆነ ተቀመጥና እናቴ የነገረችኝን፥ እኔም ያየሁትን ጻፍልኝ፤» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን አውቶቡሱ በማለዳ ስለሚነሣ፥ «አኮ፥ ለሚመጣው ጊዜ ይሁንልን፤» አልኋቸው። እርሳቸውም፥ «ይሁን፤» ብለው ዝም አሉ። የሚመጣው ጊዜ የመጣው ለቀብር ነው።

ከጽሕፈት ቤቱ ወጥቼ ወደ ለቅሶው ድንኳን ተመለስሁና ሽማግሌዎቹንና ባልቴቶቹን ስለ አኮ ዕድሜ ጠየቅኋቸው። ዓመተ ምሕረት የነገረኝ አንድም ሰው አልነበረም። በእነርሱ ዘንድ ዓመት የሚታወቀው በስሙ እንጂ በቁጥሩ አይደለምና። የሆነ ሆኖ እነርሱ ስሙን ሲነግሩኝ እኔ ቁጥሩን እየፈለግሁ አብረን ማስላት ጀመርን።

በመጀመሪያ አንድ ሽማግሌ፥ «የአኮ እናት በኅዳር በሽታ ጊዜ ገና ያላገቡ ልጃገረድ ነበሩ፤» አሉ። የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የጨረሰው ወረርሽኝ ነው። እንግዲህ አኮ የተወለዱት ከዚያ በኋላ ነው ማለት ነው። ቀጥሎም አንዲት ባልቴት፥ «ጣሊያን ጎሬ ሲገባ አኮ የፊት ጥርሳቸው ወልቆ ነበር። ወታደር ሲያዩ እንዳይስቁባቸው አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ እንደ ነበረ ራሳቸው አጫውተውኛል፤» አሉ።

ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው። ጎሬ ያን ጊዜ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች። ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ወደ ውጭ ሀገር ከሄዱ በኋላም በቢትወደድ ወልደ ጻድቅና በልዑል ራስ እምሩ ኃላፊነት የመንግሥቱ ጊዜያዊ መቀመጫ ሆና ቆይታለች። የኢጣልያ ጦር የገባባት በ1929 ዓ.ም. በኅዳር ወር ነው። የሕፃን የፊት ጥርስ በስድስትና በስምንት ዓመት መካከል ይወልቃልና፥ አኮ የተወለዱት በ1921 ወይም በ1922 ዓ.ም. ገደማ መሆኑ ነው።

ሌላው ሽማግሌ ደግሞ፥ «ጣሊያን በወጣ በመጀመሪያው የቡና ለቀማ አኮ እንደ ትልቅ ሰው ሙሉ ድርሻ ተሰጣቸው፤» አሉ። በምዕራብ በኩል የቀረው የኢጣልያ ጦር ሳዮ ላይ ለቤልጅግ ኮንጎ ወታደሮች እጁን የሰጠው በ1933 ዓ.ም. በሰኔ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው ለቀማ በ1934 ዓ.ም. መጀመሪያ ስለሚሆን፥ ያን ጊዜ አኮ የዐሥራ ሁለት ወይም የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ ማለት ነው። እንደገናም፥ «የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙት አዲሱ የወረቀት ብር ሲወጣ ነው፤» ተባለ። ይህም 1937 ዓ.ም. ነው። ያች የተረገዘችውም ልጅ እናቴ ናት። ሽማግሌዎቹ ይህን ሁሉ አመዛዝነው፥ «እንግዲያስ 1921 ብለህ ጻፍ፤» ብለው ፈረዱልኝ።

ሒሳቡ ይህን ያህል ነበር። ነገር ግን ቁጥሩ በተገኘ ጊዜ፥ ከቁጥሩ ጋር የሕይወታቸው ታሪክ ቁርጥራጭ ሁሉ አብሮ መጣ፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ያልጻፍሁትን በዚያች ሌሊት በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ እጽፍ ጀመር። ከጻፍሁት ጥቂቱን ልንገራችሁ።

የአኮ ባል ነጋዴ አጋሰስ የሚነዳ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን የኢሉባቦር ቡና በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር። ጋምቤላ በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል መሠረት እንግሊዞች የንግድ ጣቢያ ያቆሙባት ቦታ ስትሆን፥ ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡናውን ጭነው ይመለሱ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የአኮ ባል ግን ይህን ሳያይ፥ ከቆላ ይዞት በመጣው የወባ ንዳድ ሞተ። አኮም ሠላሳ ዓመት ሳይሞላቸው ከሦስት ልጆች ጋር ብቻቸውን ቀሩ።

ዳግመኛ እንዲያገቡ ዘመድ ቢመክራቸው እንቢ አሉ። ከሰው መሬት ላይ ቡና እየለቀሙ፥ ከለቀሙትም ለባለ መሬቱ ድርሻውን እየሰጡ፥ በጓሮ በቆሎና ጎደሬ እየተከሉ፥ ኮረሪማና ማር ለገበያ እያወጡ ሦስቱን ልጆች አሳደጉ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀ ጊዜ፥ የሚለቅሙት ቡና ያለ ድርሻ ተከፋይ ለራሳቸው ሆነ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ያደረጉትን ባልቴቶቹ እስከ ዛሬ ያወራሉ። አንድ ቁና ቡና ለክፍለው ከምርታቸው ከለዩ በኋላ፥ የሚወስድ እንደሌለ ትዝ ሲላቸው፥ በዚያ ሰሞን ለወለደች ለአንዲት ድኃ ሴት ላኩላት። ከዚያም ወዲህ በየዓመቱ ያችን ቁና ለአራስ መለየት ልማዳቸው ሆኖ ቀረ።

የአኮ ዋና ሥራ ግን ይህ አልነበረም። አኮ አዋላጅ ነበሩ። ሙያውን የተማሩት ከአማታቸው ነው። ሌሊትም ቢሆን፥ ዝናብም ቢሆን፥ የጠራቸው ሰው ሀብታምም ቢሆን ድኃም ቢሆን፥ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ይወጡ ነበር። ሕፃኑን ከተቀበሉ በኋላ ገንፎው እስኪገነፋ ይቆዩና፥ «እንኳን ማርያም ማረችሽ፤» ብለው መርቀው ይመለሳሉ። በብዙ አገር ልማድ ለወንድ ልጅ የሚባለው እልልታ ለሴት ልጅ ከሚባለው ይበልጣል፤ አኮ ግን ለሁለቱም እኩል እልል ይሉ ነበር። ስለምን እንደዚህ ያደርጋሉ ብለው ቢጠይቋቸው፥ «ምጡ እኩል ነው፤» ይሉ ነበር አሉ።

ከቤታቸው ጓዳ አንድ ቅል ተሰቅሎ ነበር። ሕፃን በተቀበሉ ቁጥር አንዲት ደረቅ ቡና ከነገለባዋ ወደዚያ ቅል ይጨምራሉ። እኔ ልጅ ሳለሁ ያንን ቅል እንድነካ አይፈቀድልኝም ነበር። የማን ልጅ፥ በምን ወቅት፥ በየትኛው ቀን እንደ ተወለደ ደግሞ በአእምሯቸው ይዘውት ይኖሩ ነበር። ስለዚህም ልጅ ትምህርት ቤት ለማስገባት ዕድሜ የተጠየቀ ወላጅ ሁሉ ወደ አኮ ቤት ይመጣል። እርሳቸውም ጥቂት አስበው፥ «ያንተ ልጅ የተወለደው ቡና አብቦ ሳለ፥ ድልድዩን ጎርፍ በወሰደው ዓመት፥ ሐሙስ ቀን ነው፤» ይሉታል። ወላጁም ይህን ይዞ ሄዶ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ወደ ዓመተ ምሕረት ይለውጠዋል። እነሆ፥ እኛ በመሥሪያ ቤት «መዝገብ» የምንለው ነገር በኡካ ከተማ የአንዲት ፊደል ያልቆጠሩ ሴት አእምሮ ነበረ።

በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር አኮ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። ዘመቻው በብዙ የሀገራችን ቋንቋዎች ይካሄድ ስለ ነበር፥ በእኛም አገር ኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል ይሰጥ ጀመር። አኮ ከልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። ፊደሉን ከለዩ በኋላ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ደብተር መግዛት ነው። ከዚያ ወዲህ ቅሉ ቀረና፥ የተወለደው ሁሉ በደብተር ይጻፍ ጀመር። ሦስት ደብተሮች ከሣጥናቸው ውስጥ አግኝተናል። ፊደሉ ትልልቅና የተንጋደደ ነው፤ አጻጻፉም አጭር ነው። የእናቲቱ ስም፥ ወንድ ወይም ሴት፥ ቀኑ፥ ወቅቱ፥ ሌላ የለም። ልጁ የሞተ እንደ ሆነ ግን በስሙ አጠገብ ትንሽ መስቀል ተደርጎበታል። ያንን ትንሽ መስቀል በየገጹ ስመለከት፥ አኮ ከምጥ ቤት የሚመለሱት በእልልታ ብቻ እንዳልነበረ ተረዳሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርላችሁ። በ1963 ዓ.ም. ገደማ በሀገራችን የቡናን ለጋ ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፍ አዲስ በሽታ ተነሥቶ ነበር። የአኮም ቡና በዚህ በሽታ ተመታ። የጅማ የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች በሽታውን የሚቋቋም ቡና ፍለጋ በየጫካው ሲዞሩ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 በመቱ አካባቢ ቢሻሪ ከሚባለው ቦታ የተመረጡ ዛፎች አገኙ። ከእነርሱም አንዱ እስከ ዛሬ 74110 በሚል ቁጥር ይጠራል፤ የፊተኞቹ ሁለት አኃዞች የተገኘበት ዓመት ናቸው። ዛሬ በሩቅ ሀገር ያሉ ቡና ገዢዎች ይህን ቁጥር ከነታሪኩ ያውቁታል። ይህ ሥራ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ብዙ ገበሬ ከችግር አውጥቷልና። ነገር ግን በዚያች ሌሊት ደብተሬን ይዤ ሳስብ፥ የአገሬ የቡና ዛፍ የተገኘበት ዓመት በዓለም ሁሉ ታውቆ፥ ቡናውን የለቀሙት አያቴ የተወለዱበት ዓመት በእኔ በልጅ ልጃቸው ዘንድ እንኳ አለመታወቁ አስደነገጠኝ። ዛፉ ዓመቱን ያገኘው የሚጠይቅ ሰው ስለ ቀረበው ነው። አያቴ ያጡት የሚጠይቃቸውን ሰው ነው።

በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ከወሎና ከትግራይ የተነሡ ብዙ ሰዎች ወደ ኢሉባቦር እንዲሰፍሩ ተደረገ። ደጋውን የለመደ ሰው በዚያ ዝናብና ጫካ መካከል ሲወርድ ምን ያህል እንደሚጨነቅ መገመት አያዳግትም። ከሰፋሪዎቹ መካከል አንዲት ነፍሰ ጡር መንገድ ላይ ምጥ ያዛት። አኮ ተጠርተው ሄዱ። ሴትዮዋ ኦሮምኛ አታውቅም፤ የአኮ አማርኛም ከገበያ ንግግር የማያልፍ ነበር። ነገር ግን ልጁ በሰላም ተወለደ፤ እናቲቱም አርባ ቀን በአኮ ቤት ታረሰች። በሁለተኛው ደብተር ላይ ስሟ ተጽፎ ይገኛል፤ በስሟም ትይዩ፥ «አገሯ ሩቅ ነው፤» የሚል ተጨምሮበታል። ከወቅቱና ከቀኑ በቀር ምንም በማይጻፍበት ደብተር ውስጥ ያየሁት ትርፍ ቃል ይህ ብቻ ነው። የዚያች ሴት ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ በቀብሩ ላይ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበረ።

ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበው፥ እናቶች በጤና ድርጅት እንዲወልዱ ማስተማር ጀመሩ። አንዳንድ የልምድ አዋላጆች በዚህ ነገር እንደ ተከፉ ሰምቻለሁ። አኮን ግን ባልቴቶቹ እንዲህ ሲሉ ያስታውሷቸዋል፤ «ደም ሲበዛ እጄ የማይደርስበት ጊዜ ነበር። እነርሱ ዘንድ የሚደርስ ነገር ካለ እዚያ ውሰዷት።» ከዚያ በኋላ ሕፃን በእጃቸው መቀበላቸውን ትተው፥ ነፍሰ ጡሮችን እየመከሩ እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ ይሸኙ ነበር። አርባና ሃምሳ ዓመት የኖሩበትን ክብር፥ የተሻለ ነገር መጣ ሲባል በአንድ ቀን ለቅቆ መስጠት ቀላል ነገር አይደለም። እኛ በየመሥሪያ ቤታችን አንዲት ወንበር ስንለቅ የምናደርገውን ለምናውቅ ሰዎች፥ ይህ የባልቴቲቱ ሥራ ትልቅ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልመለስ። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን የተመለከታችሁ እንደ ሆነ፥ ልደት፥ ጋብቻና ሞት የሚጻፍበትን መዝገብ «የክብር መዝገብ» ብሎ ይጠራዋል፤ የሚጽፈውንም ሹም «የክብር መዝገብ ሹም» ይለዋል። እንዴት ያለ መልካም ስም ነው! ሰው መወለዱና መሞቱ መጻፉ ራሱ ክብር መሆኑን ሕግ አውጪዎቹ አስተውለውታል። ነገር ግን ያው ሕግ የመዝገቡ አሠራር በሌላ ትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ ድረስ እንዲቆይ አድርጎት ነበርና፥ ያ ትእዛዝ ሳይወጣ ዘመኑ አለፈ። በመጨረሻም በ2004 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 760 የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ተደነገገ፤ በመላው ሀገርም ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ አኮ ሲወለዱ መዝገብ አልነበረም፤ ሲያገቡ መዝገብ አልነበረም፤ ሲወልዱም መዝገብ አልነበረም። መዝገቡ የደረሰላቸው ለሞታቸው ብቻ ነው። ሕጉ ስሙን ሰጥቶ ሥራውን ባቆየበት ዘመን ሁሉ ግን፥ በኡካ ከተማ የክብር መዝገብ ሹም የነበሩት ያለ ደመወዝና ያለ ማኅተም አያቴ ነበሩ።

በማግሥቱ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስመለስ ሦስቱን ደብተሮች ይዤ ሄድሁ። «1921፥ በግምት፤» አልኋት። መዝጋቢዋም ጻፈች። ደብተሮቹን ስታይ ምን እንደ ሆኑ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ሦስተኛውን ተቀብላ ቀስ እያለች ገለጠች፤ ከአንድ ገጽ ላይም ስትደርስ ጣቷ ቆመ። የእናቷ ስም ነበር። «ሴት፤ ቅዳሜ፤ ቡና ሲቀላ፤» ይላል። ለጥቂት ጊዜ ሳትናገር ቆየችና፥ «ጋሼ፥ እናቴ ቅዳሜ መሆኑን ትነግረኝ ነበር፤ የተጻፈ መኖሩን ግን አላወቅሁም፤» አለችኝ። ከዚያም ማስረጃውን ማኅተም አድርጋ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። አኮ ከመንግሥት ያገኙት ወረቀት ያ ብቻ ነው፤ የሰጠቻቸውም እርሳቸው በእጃቸው የተቀበሏት ልጅ ናት።

የተከበራችሁ አድማጮች ሆይ፥ ይህን ሁሉ መናገሬ በአያቴ ልመካ ብዬ አይደለም። በየአንዳንዳችሁ ቤት፥ በጎንደርም ቢሆን በሐረር፥ በወላይታም ቢሆን በመቀሌ፥ እንደ አኮ ያለች እናት ወይም አያት፥ እንደዚሁም ያለ አባት እንዳለ ስለማውቅ ነው። እኛ በደብዳቤ ላይ ቀንና ቁጥር ካልተጻፈበት አንቀበልም። የገዛ ወላጆቻችንን ሕይወት ግን ያለ ቀንና ያለ ቁጥር ወደ መቃብር እንሸኛለን። ስለዚህ ከእኔ ስሕተት የተማርሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፥ ለሚመጣው ጊዜ አትበሉ። ሁለተኛ፥ ለትልቅ ሰው «በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?» የሚል ጥያቄ አታቅርቡ፤ አያውቁትምና ያፍራሉ። ይልቁንም፥ ጣሊያን ሲመጣ ምን ያህል እንደ ነበሩ፥ ብሩ ሲለወጥ ማንን አዝለው እንደ ነበረ፥ መሬት ሲታወጅ ምን ዘርተው እንደ ነበረ ጠይቁ። እነርሱ ታሪኩን ሲነግሩ ዓመቱን እናንተ ትደርሱበታላችሁ። ሦስተኛ፥ የሰማችሁትን በራሳቸው ቃል ጻፉ እንጂ በመሥሪያ ቤት አማርኛ አታሳምሩት። አራተኛ፥ ዛሬ የሚወለደውን ሕፃን በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ፤ አኮን የመሰለ አእምሮ በየከተማው አይገኝምና።

ያን ቅል ይዤው ወደ አዲስ አበባ መጥቻለሁ። በቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። አንዳንድ ጊዜ ሳነቃንቀው ደረቁ ቡና ይንኳኳል። በውስጡ ካሉት ፍሬዎች አንዷ እኔ ነኝ፤ የትኛዋ እንደ ሆነች ግን የሚነግረኝ ሰው ከእንግዲህ የለም። የእናንተ አኮ በሕይወት ያሉ እንደ ሆነ፥ ይህ ንግግር ሲያልቅ ተነሥታችሁ ሂዱና ጠይቋቸው።